ዓባይ በረሃን በሳይክል ለምትወርዱ ልጆቼ

ጥቅምት ሲጠባ ከጎሃ ጽዮን ተነስታችሁ፣ ዓባይ በረሃን ወርዳችሁ ደጀን ልትወጡ ማሰባችሁን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የምለው አብዛኛው ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ነው፤ ሽማግሌ ሲያስጠነቅቅ ጉዞውን የጠላ ይመስላል። እኔ ጉዞውን እወደዋለሁ። ሳይክል ለአገራችን የትናንት ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ከሯጮቻችን ጎን እነ ገረመው ደንቦባ በሳይክል ተወዳድረዋል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት ገደማ ቀድሞ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት በቱር ደ ፍራንስ የዳገት ነጂዎችን ባለ ነጠብጣብ ማሊያ ለበሰ። በዓመቱ ደግሞ የእኛው ጽጋቡ ግርማይ በዚያ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ዳገትን ስትመርጡ እንግዳ ነገር አልመረጣችሁም።

‹ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው› ይባላል። ለብዙ ነገር ይሠራል ይህ ተረት። ለዓባይ በረሃ ግን አልወደውም፤ እዚያ መከራ ከመከረ በኋላ ምክሩን ይዞ የሚመለስ ሰው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከመከራው በፊት እኔ ልናገር።

መንገዱን በቁጥር እዩት። ጎሃ ጽዮን ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ነው። ከዚያ አስፋልቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ወርዶ ወንዙ ጋ ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ይወርዳል። ድልድዩን ስትሻገሩ ደግሞ የወረዳችሁትን ያህል ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። 1,400 ሜትር ወርዶ 1,400 ሜትር መውጣት፣ ያውም በአንድ ጠዋት። ዳገቱ በአማካይ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ከፍ ይላል፤ አንዳንድ ኩርባ ላይ ከዚያም ይብሳል። እንጦጦን በየሳምንቱ እንደምትወጡ አውቃለሁ፤ ጥሩ መለማመጃ ነው። እንጦጦ ግን ‹በቃኝ› ከማለታችሁ በፊት ያልቃል። ዓባይ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ገፍታችሁ፣ ላቡ ዓይናችሁን እያቃጠለው ቀና ብትሉ አፋፉ ገና ከሰማይ ጋር ነው።

ስትወርዱ የገደሉ ድንጋይ መልኩን ይለውጣል። ከላይ ጥቁሩ ባዝልት ነው፤ ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይከተላል፤ ቀጥሎ ጂፕሰምና እንደ ቅጠል የሚላጠው ለስላሳ ድንጋይ፤ ታች ወንዙ አጠገብ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ። ይህን እወቁት የምለው ለስላሳው ድንጋይና በላዩ ያለው አፈር ውሃ ሲጠጣ ስለሚንሸራተት ነው። ሲንሸራተት መንገዱንም ይዞት ይሄዳል። የጃፓን ባለሙያዎች ሳይቀሩ መጥተው ያጠኑት ችግር ነው። አስፋልቱ የሆነ ቦታ ላይ ሞገድ ይሠራል፣ የሆነ ቦታ ላይ በቁመቱ ይሰነጠቃል። አውቶቡስ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ትንሽ መንገጫገጭ ነው፤ በቀጭን ጎማ በፍጥነት ለሚወርድ ግን መሪ ያስለቅቃል። በቁመት የተሰነጠቀ አስፋልት ጎማ ያጠምዳልና በትይዩ አትሂዱበት፤ አቋርጣችሁት እለፉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ፣ ናዳውና ጭቃው ይጨመርበታል። ክረምቱ እስኪወጣ መጠበቃችሁን የወደድኩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልል አላልፍም። የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት ጠይቁ። የሚያውቁት በየቀኑ የሚመላለሱት የጭነት መኪና ሹፌሮች ናቸው። ‹ዘንድሮ ይቅርባችሁ› ካሏችሁ ይቅር። ዓባይ የትም አይሄድም፤ እንጦጦና ሱሉልታም አጠገባችሁ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።› ሜዳ ላይ በቡድን ሳይክል የሚነዳ ሰው ይህን ተረት በእግሩ ያውቀዋል። በሱሉልታ ሜዳ ስትሄዱ ፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፣ ከኋላው ያለው ተከልሎ ያርፋል፤ ተራ በተራ ትለዋወጣላችሁ። ለብቻው ቢሆን የሚዝለው ልጅ በቡድን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ዳገት ላይ ግን ይህ መረዳዳት ይከዳችኋል። በሰዓት 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር እየተሳባችሁ የሚሰበር ነፋስ የለም። የምትታገሉት ከገዛ ክብደታችሁ ጋር ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይሸከምላችሁም። ቀጭኑ ይቀድማል፣ ሰውነቱ ደልደል ያለው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ማንም ማንንም ሳይበድል ቡድኑ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ክሩ እንደተበጠሰ መቁጠሪያ ይበተናል።

ታዲያ ዳገት ላይ ሎሚውን የምትካፈሉት በምንድን ነው? በመጠበቅ፣ በውሃ፣ በስንቅ፣ በአንድ ካላማዳሪያ፣ በአንድ ጥሩ ቃል። ሌላ የለም። ስለዚህ እነዚህን አስቀድማችሁ ካልተማከራችሁባቸው ዳገቱን የሚወጣው ቡድን አይሆንም፤ በየግሉ የሚያቃስት ሰው ይሆናል።

ከመነሳታችሁ በፊት የመሰብሰቢያ ቦታ ቁረጡ። ‹አፋፉ ላይ እንገናኝ› አትበሉ፤ አፋፉ ሩቅ ነው። በየ4 ወይም በየ5 ኪሎ ሜትሩ ጥላ ያለበት፣ ከኩርባ የራቀ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ መቆሚያ ያለው ቦታ ይሁን። ፊተኛው እዚያ ሲደርስ ይቁም፤ ሁሉም ሳይሰበሰብ አንድም ሰው አይነሳ። በጉዞ ላይ ብዙ ጊዜ የማየውን አንድ ደግ ያልሆነ ልማድም ተውት። የቀደሙት ሩብ ሰዓት ተቀምጠው፣ ጠጥተው፣ ላባቸውን አድርቀው ይቆዩና የመጨረሻው ልጅ ሲደርስ ‹በል እንሂድ!› ብለው ይነሳሉ። ጠበቁት ማለት ነው? እነሱ አረፉ፤ ከሁሉ በላይ ዕረፍት የሚያስፈልገው ግን አንድ ደቂቃም አልደረሰው። የመጨረሻው ልጅ ሳይክሉን አስደግፎ፣ ውሃውን ጠጥቶ፣ ትንፋሹ ተመልሶለት ራሱ ‹እንሂድ› እስኪል ተቀመጡ። ሰውነታችን ቀዘቀዘ የሚል ካለ ጃኬቱን ይደርብ።

ቀጥሎ የምላችሁ ለጎበዞቹ ሊከብድ ይችላል። ከሁላችሁ ብርቱው ልጅ መጨረሻ ይሂድ። ቡድኖች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ ብርቱው ፊት ይወጣል፣ ደካማው ብቻውን ኋላ ይቀራል፣ ጎማው ሲፈነዳ የሚያይለት እንኳ አያገኝም። ‹ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም› ይላሉ አበው። ባዶ መንገድ ላይ ቀድሞ የሚገኝ ክብር ምን ይረባል? ብርቱው ኋላ ሲሆን ግን ፓምፑ እሱ ጋ ነው፣ ጉልበቱ እሱ ጋ ነው፣ ማንም ከእሱ ኋላ ስለማይቀር የሚጠፋ ሰው የለም።

ለደከመ ጓደኛው ሲል ወደ ኋላ የተመለሰ አንድ ብርቱ ልጅ አይቻለሁ። ከደጀን በታች፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር፣ አንዱ ባቱ ተኮማትሮ መንገድ ዳር ከግንቡ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል። ሌሎቹ ሁለት ኩርባ ቀድመውታል። ከእነዚያ አንዱ፣ የሁሉ ቀዳሚ የነበረው፣ ሳይክሉን አዞረ። በብዙ ላብ የወጣውን ዳገት መልሶ መውረድ ለነጂ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወርዶ ‹አይዞህ፣ ትችላለህ› እያለ አልለፈፈም። ጫማውን አወለቀለት፤ ተረከዙን በአንድ እጁ ይዞ ጣቶቹን ወደ ቅልጥሙ ቀስ ብሎ ገፋለት፤ ባቱ እስኪላላ እንደዚያው ያዘው። ከዚያ በላስቲክ ቋጥሮ ከያዘው በሶ ሁለት ማንኪያ የሚያህል የውሃ ኮዳው ውስጥ ጨመረ፣ ትንሽ ጨው በጣቱ ቆንጥሮ አከለበት፣ በደንብ ነቀነቀውና ‹በትንሽ በትንሹ› ብሎ ሰጠው። ሲነሱ ጎን ለጎን አልሄደም፤ አንድ ጎማ ያህል ቀደም ብሎ፣ ያኛው በሚችለው ልክ ፔዳሉን እየረገጠ፣ ስለ አያቱ እርሻ እያወራለት ወጡ። ደጀን ሲደርሱ ማን አንደኛ እንደገባ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ስለ ቁልቁለቱ ልመለስ፤ ሰው የሚሞተው እዚያ ነውና። ዳገት ያደክማል እንጂ አይገድልም። ቁልቁለት ግን ገና ጉልበት ሳይነካ፣ ጠዋት በጉጉት ላይ ሆናችሁ ነው የሚመጣው። ‹የቸኮለ አፍሶ ለቀመ› የተባለው ለእህል ነው፤ ገደል ላይ የፈሰሰ አይለቀምም።

ፍሬን ያለማቋረጥ ጨብጣችሁ አትውረዱ። ጎማው የሚታቀፈው ቸርኬ በፍትጊያው ይግላል፤ ግለቱ ሲበዛ ካላማዳሪያው ሊፈነዳ ይችላል። ዲስክ ፍሬን ያላችሁም አትመኩ፤ እሱም ሲግል ይደነዝዛል። በቀጥታው መንገድ ላይ፣ ኩርባው ሳይደርስ ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ፤ ከዚያ ልቀቁት፣ ይቀዝቅዝ። ኩርባው ውስጥ ገብቶ የፊቱን ፍሬን በድንገት መጨበጥ የሚንሸራተት ጎማ መጋበዝ ነው። በሁለት ሳይክል መካከል ከአምስት ሳይክል የሚበልጥ ርቀት ይኑር። ኩርባ ስትጠጉ ከግራ መስመር፣ ማለትም ከሚመጣው መኪና ወገን፣ ራቁ፤ ዓባይ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣው ተሳቢ ኩርባውን የሚጠመዘዘው የእናንተን መስመር ጭምር ወስዶ ነው። ሌላ መንገድ የለውም፣ ተሳቢው ረጅም ነው።

ድንጋዩንም ተጠንቀቁ። የጭነት መኪና ዳገት ላይ ሲበላሽ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ያደርጋል። መኪናው ተጠግኖ ሲነሳ ብዙዎቹ ድንጋዩን አስፋልቱ ላይ ትተውት ይሄዳሉ። ከኩርባው ኋላ የጭንቅላት ያህል ድንጋይ መንገዱ መሐል ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ‹ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር› የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው ዓባይን ያወቀ ይመስለኛል። የማታዩትን ኩርባ ሁሉ ድንጋይ እንዳለበት ቆጥራችሁ ግቡበት። ያየው የመጀመሪያው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ‹ድንጋይ!› ይበል፤ ኋላ ያለውም ተቀብሎ ያስተላልፍ። የመጨረሻው ብርቱ ልጅ ደግሞ፣ መኪና አለመምጣቱን አይቶ፣ ቆሞ ድንጋዩን ከመንገድ ያውጣው። ከእናንተ ኋላ ባጃጅ ይመጣል፣ ቤተሰብ የጫነ መኪና ይመጣል።

የተቃጠለ ፍሬን ሸራ ሽታ ከሸተታችሁ ወዲያው ከመንገድ ውጡ። ከላያችሁ የሚወርድ ጭነት መኪና ፍሬኑ እየከዳው ሊሆን ይችላል። አሳልፉት፤ ክብር አይቀንስባችሁም።

ሌላም አለ። ወደ ላይ ስትወጡ ሲኖትራክ ቀስ እያለ ሲያልፋችሁ ኋላውን ይዞ መጎተት የሚያምራቸው አሉ። እለምናችኋለሁ፣ አታድርጉት። ሹፌሩ አያያችሁም። ማርሽ ሲቀይር መኪናው ለአፍታ ወደ ኋላ ሊል ይችላል፤ አስፋልቱ ሞገድ ባለበት ቦታ በአንድ እጅ መሪ አይያዝም። ‹ከማን አንሼ› የሚለው ስሜት ነው ልጆችን እዚያ የሚያንጠለጥላቸው። ከደከማችሁ ወርዳችሁ ሳይክሉን እየገፋችሁ በእግር ሂዱ። በእግሩ ዓባይን የወጣ ሰው ዓባይን ወጥቷል።

ስለ ሰዓትና ስለ ሙቀት በአጭሩ። ማታውን ጎሃ ጽዮን እደሩ፣ ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ጠዋት አፋፉ ላይ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን በወጉ አይዝም። ጓንት አድርጉ፤ ከማሊያችሁ ሥር ደረታችሁ ላይ ጋዜጣ አኑሩ፤ የዱሮ ነጂዎች በአልፕስ ተራሮችም ያደርጉት ነበር፣ ነፋሱን ያቆማል። 1,000 ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ስለሚጨምር ታች ስትደርሱ ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል። ጋዜጣውን አውጡ፣ ጃኬቱን እጠፉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን፣ 303 ሜትር የሚረዝመውን የሕዳሴ ድልድይ ታያላችሁ፤ ያምራል። ጠባቂዎቹን ሰላም በሉ፣ ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ፣ ብዙም አትቆዩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትወጣ ዳገቱን ማጋመስ አለባችሁ።

ሳይርባችሁ ብሉ፣ ሳይጠማችሁ ጠጡ። በሰዓት ከግማሽ ሊትር ያላነሰ፣ ሙቀቱ ሲብስ ወደ አንድ ሊትር። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፤ የእናቶቻችን ስንቅ ከውጭ ከሚመጣው የታሸገ ጣፋጭ የሚያንስበት ነገር የለም። ጨው አትርሱ። ወደ ደጀን ስትጠጉ ደግሞ አየሩ ይሳሳል፤ አፋፉ ላይ የምትስቡት ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። የጉልበት ማለቅና የአየር መሳሳት በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ። ያን ጊዜ ያልተቆጠበ ጉልበት ከየትም አይመጣም፤ ስለዚህ ከድልድዩ ስትነሱ ማውራት በምትችሉበት ልክ ብቻ ንዱ። ጓደኛህን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ልትነግረው ካልቻልክ ፈጥነሃል።

‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።› የሳይክሉን ዝግጅት ለመጨረሻው ማታ አታቆዩት። የፍሬኑን ሸራ ከሳምንት በፊት እዩ፤ ከሳሳ ቀይሩ፣ አዲሱን እንጦጦ ላይ ፈትኑት። ካቴናውን አጽዱና ቀቡ። ከኋላ ያለው ትልቁ ማርሽ ቢያንስ 32 ጥርስ ይኑረው፤ ‹ለእኔ አያስፈልገኝም› የሚል ጎበዝ በ15ኛው ኪሎ ሜትር ይፈልገዋል። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካላማዳሪያ ይያዝ፣ ሄልሜት የሌለው አይምጣ። ገንዘብ ለቸገረው ልጅ ሄልሜቱን ተዋጥታችሁ ግዙለት። ጓደኛችሁ ባዶ ራሱን ሲወርድ ዝም ካላችሁ ‹እኛ ቡድን ነን› አትበሉ።

አንድ ሰው መሐል መንገድ ላይ ‹አልቻልኩም› ቢል አትሟገቱት። ጀግንነቱን የሚለካው እሱ ነው፣ ሰውነቱን የሚያውቀው እሱ ነው። አንዱ አብሮት ይቅር፣ የሚያልፍ መኪና ለምናችሁ ሳይክሉንና ሁለቱንም ጫኑ፤ የሹፌሩን ስምና ታርጋ ያዙ። ደጀን ሲደርሱ ከሌሎቹ እኩል ተቀበሏቸው። ምግብ አትዘዙ፣ ቡና አታስፈሉ፣ የመጨረሻው ልጅ ሳይደርስ።

በዚያው ቀን በሳይክል እንመለስ የሚል አይጠፋም፤ ደጀን ላይ ሻይ ተጠጥቶ ሰውነት ሲሞቅ ሁሉም ጎበዝ ነው። አትስሙት። ከሰዓት በኋላ በረሃው ይግላል፣ የጭነት መኪናው ይበዛል፣ የዛለ እጅ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አይዝም። ሳይክሎቻችሁን አይሱዙ ላይ በካርቶን እየለያችሁ ጫኑ፣ ካቴናው ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጉ፣ በገመድ እሰሩ፤ ሁለት ሰው ከጭነቱ ጋር ይሂድ፣ ሌላችሁ በአውቶቡስ ተከተሉ።

እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ቅዳሜ ቤት ኑና ፍሬኖቹን አንድ በአንድ አብረን እንያቸው።